ዳገት፣ ቁልቁለትና ቶዮታ፦ የዋግ ኽምራ መንገዶች ስለ አንድ ጃፓናዊ መኪና የሚያስተምሩን ፊዚክስ

ከወልድያም ሆነ ከኮረም ወይም ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ መንገደኛ ሜዳ የሚባል ነገር እምብዛም አያገኝም። የዋግ ኽምራ ምድር በአንድ ወገን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ፣ በሌላው ወገን ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ቆላ ነው። የአስተዳደሩ መናገሻ ሰቆጣ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በዝቋላና በአበርገሌ አቅጣጫ የሚወርድ ሰው ከ1,200 ሜትር በታች ወዳለው የተከዜ ውኃ ይደርሳል። በእነዚህ ሁለት ከፍታዎች መካከል ያለው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው።

እንዲህ ባለ አገር ተሽከርካሪ የምቾት ዕቃ አይደለም። ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ክትባት ከነቅዝቃዜው ወደ ጤና ኬላ የሚያመላልስ፣ በድርቅ ዘመን የእህል ዕርዳታ ሥርጭትን የሚከታተል እርሱ ነው። ለዚህ ሥራ በገጠር ኢትዮጵያ አዘውትሮ የሚታየው ተሽከርካሪ ደግሞ የጃፓኑ ቶዮታ ነው። «ላንድክሩዘር» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አንደበት የአንድ ምርት ስም መሆኑ ቀርቶ የመስክ መኪና ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ይህ ዝና ከየት መጣ? ጥንካሬው እውነት ነው ወይስ ወሬ? ይህ ጽሑፍ የኩባንያውን ታሪክ በአጭሩ ከቃኘ በኋላ፣ ጥያቄውን የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሚፈቅደው ቀላል ስሌት ይመረምራል። መልሱ በብረቱ ውስጥ ብቻ እንደማይገኝም ያሳያል።

ከሽመና መኪና እስከ አውቶሞቢል

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው ከጎማና ከሞተር ሳይሆን ከድርና ከማግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 የተወለደው ሳኪቺ ቶዮዳ ዕድሜውን በሙሉ የሽመና መኪና ሲያሻሽል የኖረ የፈጠራ ሰው ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ የሚታወቀው ሐሳብ፣ ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱን በራሱ እንዲያቆም ማድረጉ ነው። የሸማኔ አገር ሰዎች ስለሆንን የዚህ ጥቅም አይጠፋብንም፤ አንድ የተበጠሰ ክር ሳይታይ ካለፈ ቀጥሎ የሚሠራው ጨርቅ ሁሉ የተበላሸ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው አውቶማቲክ የሽመና መኪናው ዝናን ከማትረፉ የተነሣ፣ በ1929 ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ገዝቷል።

ልጁ ኪይቺሮ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1933 በአባቱ የሽመና መኪና ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል አቋቋመ። በ1935 ገበያ የወጣው የመጀመሪያው የጭነት መኪና የሚያኮራ አልነበረም፤ በየመንገዱ ይሰበር ነበር። ይሁንና እያንዳንዱ ብልሽት የሚቀጥለውን መኪና ለማሻሻል አገለገለ። በ1936 «ቶዮዳ» የሚለው የቤተሰብ ስም «ቶዮታ» በሚለው ተተካ፤ በጃፓን ፊደል በስምንት ሠረዝ ስለሚጻፍና ስምንት ቁጥር እንደ መልካም ዕድል ስለሚታይ ነው። ኩባንያው ራሱን ችሎ የተቋቋመው በነሐሴ ወር 1937 እ.ኤ.አ. ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው እስከ መዘጋት ተቃርቦ ነበር። በ1950 ሠራተኛ ተቀነሰ፣ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፣ ኪይቺሮም ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ኩባንያውን ያዳነው በዚያው ዓመት የፈነዳው የኮሪያ ጦርነት ያስከተለው የጭነት መኪና ግዢ ነበር። በዚያ የችግር ዘመን ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስና ባልደረቦቹ ያዳበሩት የአመራረት ሥርዓት ዛሬ በመላው ዓለም ይጠናል። ከመርሆዎቹ አንዱ፣ ብልሽት ሲገኝ መሥመሩን አቁሞ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ይህም የሳኪቺ የሽመና መኪና በተበጠሰ ክር ፊት የሚያደርገው መቆም ወደ ሰው አሠራር የተዛወረ ማለት ነው። ከዚሁ የጃፓን ኢንዱስትሪ ባህል የመነጨው ካይዘን የተባለው የሥራ አመራር ፍልስፍና ወደ አገራችንም ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል።

ፉጂ ተራራ ላይ የተፈተነ መኪና

እ.ኤ.አ. በ1951 ቶዮታ ቢጄ የተባለ ባለ አራት ጎማ ጉልበት ተሽከርካሪ ሠራ። በዚያው ዓመት ኢቺሮ ታይራ የተባለ የኩባንያው ሹፌር ይህን መኪና እየነዳ የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ። ጣቢያው የሚገኝበት ከፍታ 2,400 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መኪናው ገና ከመወለዱ የተፈተነው ከሰቆጣ ጋር በሚቀራረብ አየር ውስጥ ነበር ማለት ነው። «ላንድክሩዘር» የሚለውን ስም ያገኘው በ1954 ነው። ከዚያ በኋላ በ1960 40 የተባለው፣ በ1984 ደግሞ 70 የተባለው ተከታታይ ሞዴል ወጣ። የኋለኛው አገራችን ውስጥ «ሃርድቶፕ» እየተባለ በአምቡላንስነትና በመስክ መኪናነት የሚታወቀው ነው። ላንድክሩዘር በ2019 ከ10 ሚሊዮን በላይ፣ በ1966 የተጀመረው ኮሮላ ደግሞ በ2021 ከ50 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

በኢትዮጵያ የቶዮታ ወኪል ሆኖ ለአሥርት ዓመታት የሠራው ሞኤንኮ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሕዝባችን ለቶዮታ ምርቶች የራሱን ስም አውጥቷል፤ ዲኤክሱን፣ ዶልፊኑን፣ አባዱላውን የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። አንድ የሚያስገርም ነገር ግን አለ። ጋራዥ ገብተን ስናዳምጥ መካኒኩ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ክሪክ እያለ የሚጠራቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ዕቃው ጃፓናዊ፣ ስሙ ጣልያንኛ፣ እጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ይህም ጃፓናዊው መኪና አገራችን ሲገባ ባዶ ሜዳ ላይ እንዳላረፈ፣ ብረት መፍታትና መግጠም የሚችል እጅ ጠብቆ እንደተቀበለው ያስረዳል። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሰቆጣ አየርና የናፍጣ ሞተር

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን በአየር ውስጥ በማቃጠል ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 76 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሞተር በአንድ ጊዜ የሚስበው የአየር መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የአየር መጠመቂያ ቱርቦ ከሌለው ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዳገት ላይ ከማርሚታ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ብዙውን ጊዜ ለማቃጠል በቂ አየር ያላገኘ ናፍጣ ምልክት ነው።

ለብዙ ዓመታት በአፍሪካ ገበያ በ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር ላይ ሲገጠም የቆየውን ዋን ኤች ዜድ የተባለውን የናፍጣ ሞተር እንውሰድ። ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ይዘት ያለው ሲሆን ቱርቦ የለውም። ጉልበቱ በባሕር ወለል 96 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ሰቆጣ ላይ ወደ 73 ኪሎዋት ይወርዳል። ለመሆኑ ዳገት ለመውጣት ስንት ያስፈልጋል?

ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 8.3 ሜትር ይጓዛል እንበል። የመሬትን ስበት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት የክብደቱ፣ የፍጥነቱና የዳገቱ ብዜት ሲሆን 24.5 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። የጠጠር መንገድ ሰበቃ የክብደቱን 3 በመቶ ያህል ቢሆን 7 ኪሎዋት ይጨምራል። በድምሩ 32 ኪሎዋት ማለት ነው። በካምቢዮና በዲፈረንሻል የሚባክነውን ብንጨምርበት እንኳ ሞተሩ ካለው ግማሽ ያህሉን ብቻ ተጠቀመ። ፍጥነቱን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ብናሳድገው ግን የሚያስፈልገው ጉልበት እጥፍ ይሆንና ከነብክነቱ 75 ኪሎዋት ይደርሳል፤ ሞተሩ የመጨረሻ እስትንፋሱን ይሰጣል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ የሚወጣ ልምድ ያለው ሹፌር ፊዚክስን በእጁ ያውቃል። ሁለተኛ፣ የዚህ መኪና «ጥንካሬ» የሚባለው ትልቁ ክፍል ትርፍ አቅም ነው። ትልቅ ሞተር በትንሽ ጉልበት ይሠራል፤ ከአቅሙ በታች የሚሠራ ብረት ደግሞ ቶሎ አይደክምም። ለዚህም ክፍያ አለው፤ መኪናው ከባድና ነዳጅ የሚበላ ይሆናል።

ሌላው የሞተሩ ጠባይ ቀላልነቱ ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ነው። አየሩ ወደ 22 እጥፍ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። በዚህ ሞተር ናፍጣውን የምትረጨው በመካኒካዊ መንገድ የምትሠራ ፖምፓ ናት። ኮምፒውተር ስለሌለው ሲበላሽም ኮምፒውተር አይጠይቅም።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል

አዲስ መንገደኛ ዳገቱን ይፈራል፤ የአገሩ ሹፌር የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው። ያ 3,000 ኪሎ ግራም መኪና ከደጋው ወደ ተከዜ 1,000 ሜትር ሲወርድ 29 ሚሊዮን ጁል ያህል የከፍታ ጉልበት ወደ ሌላ መልክ መለወጥ አለበት። ይህ መጠን 96 ሊትር ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሲሶ ያህሉን የመንገዱ ሰበቃ ይወስደዋል እንበል። የቀረውን 20 ሚሊዮን ጁል 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን የፍሬን ብረት ብቻውን ይቀበለው፣ አየርም አያቀዝቅዘው ብለን ብናሰላ፣ የብረቱ ሙቀት ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይጨምራል። በእርግጥ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ስሌቱ ግን አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያሳያል። ከብረቱ በፊት የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ቢረገጥም ፍሬኑ አይዝም። መፍትሔው በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በውስጣዊ ሰበቃውና አየር በመሳብ በመግፋት ሥራው ከሸክሙ ይካፈላል፤ ሙቀቱም በራዲያተርና በማርሚታ ይወጣል።

ራዲያተርን ካነሣን የክዳኑን ነገር ማለፍ አይገባም። በሰቆጣ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ከሞተር የሥራ ሙቀት እጅግ የቀረበ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አፍኖ በመያዝ የመፍያ ነጥቡን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው ያረጀ ወይም በጨርቅ የተተካ ክዳን በቆላ ከሚያመጣው ጣጣ ይልቅ በደጋ የሚያመጣው ይበልጣል። ዋጋው ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ አነስተኛ የሆነ ነገር ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

ባለንብረቶች ምን ይላሉ?

አገር አቋራጭ ሹፌሮችና ባለንብረቶች ቶዮታን የሚያወድሱበትን ምክንያት በጥንቃቄ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አዘውትረው የሚሉት «አይበላሽም» ሳይሆን «መለዋወጫው አይጠፋም» ነው። ይህ አባባል በምሕንድስና ሳይንስ «ዝግጁነት» ከሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ጋር ይገናኛል። የአንድ መሣሪያ ዝግጁነት የሚለካው ሳይበላሽ የሚሠራበትን አማካይ ጊዜ፣ ይኸው ጊዜና ለጥገና የሚቆምበት አማካይ ጊዜ ሲደመሩ ለሚገኘው በማካፈል ነው።

ሁለት አምቡላንሶችን በምሳሌነት እንውሰድ። መኪና «ሀ» በአማካይ በየ200 ቀኑ አንዴ ይበላሻል፤ መለዋወጫው ከሩቅ ስለሚመጣ 40 ቀን ይቆማል። መኪና «ለ» በየ100 ቀኑ ይበላሻል፤ ነገር ግን በአካባቢው መካኒክ በ2 ቀን ይጠገናል። የመጀመሪያው ዝግጁነት 83 በመቶ፣ የሁለተኛው 98 በመቶ ነው። በዓመት ሲሰላ «ሀ» 61 ቀን፣ «ለ» ግን 7 ቀን ብቻ ይቆማሉ። ደጋግሞ የሚበላሸው መኪና የበለጠ ያገለግላል! ለምጥ ለተያዘች እናት የሚጠቅማት መኪናው በፋብሪካ ያገኘው ማዕረግ ሳይሆን በዚያች ሌሊት ቆሞ አለመገኘቱ ነው።

የቶዮታ ምስጢር ግማሹ እዚህ ላይ ነው። መኪናው ስለበዛ መለዋወጫው በዛ፤ መለዋወጫው ስለበዛ መካኒኩ ለመደው፤ መካኒኩ ስለለመደው ሰው ሁሉ ገዛው፤ ስለተገዛም በዛ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ በአንድ ሲታዩ ደካማ የሆኑ ክሮች አንድ ላይ ሆነው ጠንካራ ዝና ሠሩ። በከተሞቻችን ያረጀ ኮሮላ ሳይሸጥ የማይቀረው ስለዚህ ነው።

ሳይንሳዊ ጥርጣሬ ግን እዚህም ያስፈልጋል። «የ30 ዓመት ቶዮታ አሁንም ይሄዳል» ስንል የምንቆጥረው የሚሄዱትን ብቻ ነው፤ በየጋራዡ ጓሮ የተጣሉትንና ተፈታተው የተሸጡትን አንቆጥርም። ስታትስቲክስ ይህን «የተራፊዎች አድልዎ» ይለዋል። ከዚህም ሌላ፣ ባለንብረቶች የሚያነሡአቸው ቅሬታዎች እውነተኛ ናቸው፤ የመኪናው ዋጋ እጅግ ይወደዳል፣ ገበያው አስመስለው በተሠሩ መለዋወጫዎች ተጥለቅልቋል፣ ባሌስትራው ለጭነት እንጂ ለበሽተኛ አይመችም።

ጠንካራ መኪና ሁሉ ደግሞ ከአደጋ የሚያድን መኪና አይደለም። በሁለት ጎኖች ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 1.5 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተሽከርካሪ ቆሞ ሳለ የሚገለበጠው በ45 ዲግሪ ጎናዊ ዝንባሌ ነው። ጣራው ላይ እህልና ጀሪካን ጭነን ማዕከሉን ወደ 1 ሜትር ብናወጣው 37 ዲግሪ ይበቃዋል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨመርበት ከዚያም በታች። ኩባንያውም ቢሆን ከስሕተት የጸዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ሳይፈለግ ፍጥነት ከመጨመር ችግር ጋር በተያያዘ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎቹን ለጥገና ጠርቷል፤ የደኅንነት ችግሩን በሚመለከት ሕዝብን በማሳሳቱም በ2014 በአሜሪካ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የተበጠሰውን ክር አይቶ ማቆምን ለዓለም ያስተማረ ድርጅት ራሱ ሳያቆም አልፎ ነበር ማለት ነው።

ከናፍጣ በኋላ

የዝግጁነት ጥያቄ የትምህርት ቤት ስሌት ብቻ አለመሆኑን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት አሳይቷል። ጦርነቱ ዋግ ኽምራንም ስለነካ፣ መንገድ፣ ነዳጅና መለዋወጫ በአንድነት በተቋረጡበት ጊዜ የቱንም ያህል ጠንካራ የሆነ ሞተር ብቻውን ምንም እንደማይፈይድ ታይቷል።

አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ መጥቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በፊዚክስ ዐይን ሲታይ የኤሌክትሪክ ሞተር ለደጋ አገር ይመቻል። አየር ስለማይስብ በሰቆጣ ከፍታ ጉልበቱ አይቀንስም። በቁልቁለት ላይም ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ናፍጣው መኪና በሙቀት የሚያባክነውን ይሰበስባል። ከላይ ካሰላነው 20 ሚሊዮን ጁል 60 በመቶው ወደ ባትሪ ቢመለስ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ተመልሶ ለመውጣት የሚያስፈልገው ደግሞ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል። ከሩብ በላይ የሚሆነው የዳገት ወጪ በቁልቁለት ተሸፈነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ቁልቁል የሚወርድን ክብደት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ታዲያ የሚቀጥለው የዋግ አምቡላንስ ኤሌክትሪክ ይሁን? መልሱን የሚወስነው የሞተሩ ብቃት ብቻ አይደለም። የባትሪው ብልሽት ሰቆጣ ላይ ይታወቃል? የኃይል መቆጣጠሪያው ሲቃጠል መካኒኩ በ2 ቀን ይተካዋል ወይስ መኪናው 40 ቀን ይቆማል? መብራት ሲጠፋ በምን ይሞላል? ቶዮታ ዝናውን ያገኘው በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ጋራዥ በጋራዥ፣ እጅ በእጅ ነው። አዲሱ ተሽከርካሪም ተመሳሳይ መሠረት ካልተጣለለት የተሻለ ፊዚክስ ይዞ የከፋ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ይህን መሠረት የሚጥሉት ዛሬ በቴክኒክና ሙያ ተቋማትና በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ ተማሪዎች፣ ማለትም የዚህ መጽሔት አንባቢያን ናቸው።

ለተማሪዎች መልመጃ

1. በምትኖሩበት አካባቢ ያለውን ረጅሙን ቁልቁለት ከፍታ በካርታ አግኙ። 12 ሰው የጫነ 2,800 ኪሎ ግራም ሚኒባስ ሲወርድ የሚለወጠውን የከፍታ ጉልበት አስሉ። ስንት ሊትር ውኃ ያፈላል?

2. በአካባቢያችሁ የሚገኝ የጤና ጣቢያን ወይም የትምህርት ቤት መኪናን ሹፌር ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተበላሸ? ስንት ቀን ቆመ? ዝግጁነቱን በመቶኛ አስሉ። ከዚያም ከቆመባቸው ቀናት ውስጥ ስንቱ በጥገናው ሥራ፣ ስንቱ መለዋወጫ በመጠበቅ እንዳለፈ ለዩ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው በብዙ እንደሚበልጥ ካገኛችሁ፣ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ጠይቁ።